የተሸጠ ዕዳ ሲደወልላችሁ ቀኑን ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩና በድሮ ዕዳ ለሚደወልላችሁ ነው። በስልክ የከፈልኳት 50 ዶላር ምን መዘዝ እንዳመጣችብኝ ልንገራችሁ። እናንተ ላይ እንዳይደገም ነው።

በ2017 መጀመሪያ ላይ ከሥራ ተቀነስኩ። ክሬዲት ካርዴ ላይ 1,840 ዶላር ነበረብኝ፤ ከማርች ጀምሮ መክፈል አቃተኝ። ስድስት ወር ሲሞላው ባንኩ ቻርጅ ኦፍ አደረገው። ብዙዎቻችን ቻርጅ ኦፍ ሲባል ዕዳው የተሰረዘልን ይመስለናል። አልተሰረዘም። ባንኩ በራሱ መዝገብ ላይ ኪሳራ ብሎ ያዘው እንጂ ዕዳው አለ፤ ይሸጣልም። የእኔን አንድ ድርጅት ገዛው፤ እሱም መልሶ ለሌላ ሸጠው።

ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ተደወለልኝ። ምሳ ሰዓት ነበር፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። የደወለችው ሴት አነጋገሯ ጨዋ ነው። ስሜን፣ የድሮ አድራሻዬን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን የመጨረሻ አራት አሃዝ ጠራችልኝ። ዕዳው ከነወለዱ 3,112 ዶላር ደርሷል አለች። "ዛሬ ከተስማማህ በ1,245 እንዘጋልሃለን፤ ከክሬዲትህም ላይ እናነሳዋለን። ለአሁኑ 50 ዶላር ብቻ ክፈልና ቅን ሐሳብህን አሳየን።" ያኔ ቤት ለመግዛት ደፋ ቀና የምልበት ጊዜ ነበር። ያ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ እጅ የገባ ዕዳ) ከክሬዲት ሪፖርቴ፣ ማለትም የብድር ታሪኬ ከሚመዘገብበት ሰነድ ላይ እንዲጠፋልኝ በጣም እፈልግ ነበር። የካርዴን ቁጥር እዚያው መኪና ውስጥ አነበብኩላት።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ዕዳ ሁለት ቆጠራ አለው፤ እኛ ሁለቱን እናምታታቸዋለን።

አንደኛው ክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በፌዴራል ሕግ 7 ዓመት ነው። መነሻው መጀመሪያ መክፈል ያቆማችሁበት ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን 180 ቀን ካለፈ በኋላ 7 ዓመቱ ይቆጠራል። ዕዳው አሥር ጊዜ ቢሸጥ፣ እናንተም ግማሹን ብትከፍሉ፣ ያ ቀን አይነቃነቅም። የእኔ ቢዘገይ ቢዘገይ በ2024 ሴፕቴምበር አካባቢ በራሱ ጊዜ ይወርድ ነበር። ምንም ሳልከፍል።

ሁለተኛው እናንተን መክሰስ የሚቻልበት ጊዜ ነው። ይኼኛው በየስቴቱ ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ዓመት ነው፣ የሚረዝምበትም አለ። ጊዜው ካለፈ ኮሌክተር (ዕዳ ሰብሳቢ) መክሰስም ሆነ እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራት አይችልም። ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ ይህን ይከለክላል። ግን በአንዳንድ ስቴቶች ትንሽ ገንዘብ እንኳ ከከፈላችሁ ያለፈው ጊዜ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የምኖርበት ስቴት ከነዚህ አንዱ ነው። የእኔ ዕዳ የመክሰሻ ጊዜው አልፎበት ነበር። ያቺ 50 ዶላር ከሞተበት አስነሳችው።

ስምምነቱን በጽሑፍ ላኩልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አልላኩም። ያለ ወረቀት አልከፍልም ብዬ ቀሪውን ያዝኩት። ከዚያ ሪፖርቴን ሳወጣ መክፈል ያቆምኩበት ቀን 2017 መሆኑ ቀርቶ 2023 ተብሎ ተጽፏል። ይህ በግልጽ ሕገወጥ ነው፤ ቢሆንም እስኪታረም የክሬዲት ስኮሬ (ነጥቤ) ወረደ፣ ቤቱም አመለጠኝ። ስምንት ወር ሳይሞላ ደግሞ የፍርድ ቤት መጥሪያ በር ላይ መጣ። የተጠየቅሁት ሙሉውን 3,112 ነበር።

ለምን በ50 ዶላር እንዲህ እንደሚደክሙ ሲገባኝ በጣም ነው የተናደድኩት። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ነበር የከፈሉት። በዚያ ስሌት የእኔ 1,840 ዶላር 74 ዶላር ገደማ ያወጣል ማለት ነው። የከፈልኳት 50 ዶላር ብቻዋን ወጪያቸውን ወደ መመለሱ ተጠግታለች።

እንግዲህ ስልኩ ሲጮህ እንዲህ አድርጉ። "የእኔ ነው" አትበሉ። "አሁን የለኝም፣ በሚቀጥለው ወር እከፍላለሁ" አትበሉ። የባንክም የካርድም ቁጥር አትስጡ። "በጽሑፍ ላኩልኝ" በሉና ዝጉት። ካነጋገሯችሁ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር የመላክ ግዴታ አለባቸው። ወረቀቱ ከደረሳችሁ በኋላ 30 ቀን አላችሁ። በዚያ ውስጥ በደብዳቤ ከተቃወማችሁ፣ ማስረጃ እስኪልኩ ድረስ ገንዘቡን መጠየቃቸውን ማቆም አለባቸው። ደብዳቤውን በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በደረሰኝ በሚመዘገብ ፖስታ) ላኩት፤ ደረሰኙን እንደ ፓስፖርታችሁ አስቀምጡት።

ከዚያ ሪፖርታችሁን ከሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ ከኤክዊፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ አውጡ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። አንዱን ብቻ አይታችሁ አትተዉ፤ የእኔ ቀን የተቀየረው ሁለቱ ላይ ብቻ ነበር። ዕዳው ከተሸጠ የመጀመሪያው ባንክ ባላንሱን ዜሮ ብሎ ማሳየት አለበት። ባንኩም ገዢውም ያንኑ ዕዳ እንዳልተከፈለ ካስመዘገቡ ዲስፑት አድርጉ፤ ስህተት ነው ብላችሁ ለመዝጋቢዎቹ ተቃወሙ። ቀኑ ከተዛባም እንዲሁ። አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ አለባቸው። የእኔ መጀመሪያ "ተረጋግጧል" ተብሎ ተመለሰ። የድሮውን የባንክ ስቴትመንት አያይዤ እንደገና ከላክሁ በኋላ ነው የታረመው።

እኛ ላይ ደግሞ የሚብስ አንድ ነገር አለ፤ የስማችን ጉዳይ። የአባታችን ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ይሆናል። በራሱና በአባቱ ስም የሚመሳሰል ስንት ሰው አለ! የእንግሊዝኛው ስፔሊንግ ደግሞ ከመታወቂያ መታወቂያ ይለያያል። አንድ ጓደኛዬ ፋይል ውስጥ ኖሮበት በማያውቅ ስቴት የተከፈተ የስልክ ዕዳ ገብቶ አገኘ። ባለዕዳው በስም ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ጓደኛዬ ግን ኮሌክተሩ ሲደውል ደንግጦ ሊከፍል ነበር። ስለዚህ የማታውቁት ዕዳ ከመጣ ረስቼው ይሆናል ብላችሁ ራሳችሁን አትጠርጥሩ። አድራሻውንና የተከፈተበትን ዓመት ጠይቁ።

ዕዳው የእናንተ ሆኖ ጊዜውም ካላለፈ፣ መደራደር ጥሩ ነው። ይከፈል። ግን "ይህን ያህል ከከፈለ ቀሪው ተዘግቷል" የሚል የተፈረመ ወረቀት ከመክፈላችሁ በፊት እጃችሁ ይግባ። ከሪፖርት ላይ እናነሳለን የሚሉት በቃል ከሆነ እንዳልተባለ ቁጠሩት። 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተዉላችሁም ለታክስ ቢሮ እንደ ገቢ ሊያሳውቁት ይችላሉ፤ ያንን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ክሬዲታችሁን እናጸዳለን ብሎ ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ የሚቀበልም ካገኛችሁ ሽሹት። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቅድሚያ ማስከፈልን ይከለክላል። እውነተኛ የሆነን መረጃ ማንም ሊያስወጣላችሁ አይችልም፤ የተሳሳተውን ደግሞ ራሳችሁ በነፃ ታስወጣላችሁ።

መጥሪያ ከመጣ ግን በምንም ዓይነት እንዳትቀሩ። በተባለው ቀን ገደብ በጽሑፍ መልስ ስጡ፤ ለዝቅተኛ ገቢ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ቢሮዎች አሉ። እኔ የቀረብኩ ቀን ከእኔ በፊት ስማቸው የተጠሩትን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። ዘጠኙ አልመጡም። የአንዱ ጉዳይ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ስም ይጠራል፣ ዝም ይባላል፣ ዳኛው ይፈርድና ቀጣዩ ይጠራል። በዚያ ፍርድ ደመወዝ መያዝ ይቻላል፤ የፌዴራሉ ጣሪያ የተጣራ ደመወዝ 25 በመቶ ነው።

የእኔ ተራ ደረሰ። ያቀረቡት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ከኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ የታተመ አንድ መስመር። የአባቴ ስም ውስጥ ሁለት ፊደል ተዘሏል። ጠበቃዬ የካርዱን ውልና ዕዳው ከማን ወደ ማን እንደተሸጠ የሚያሳየውን ሰነድ ጠየቀች። የእነሱ ጠበቃ ቀጠሮ ለመነ። በሁለተኛው ቀጠሮም ሰነዱን አላመጣም፤ ክሱን አነሳው።