ብሔራዊ መዝሙር ለዝግጅት፦ ቅጂ፣ ባንድ ወይስ ሶሎ ድምፃዊ?

ለጨዋታ፣ ለምረቃ ወይም ለስብሰባ መክፈቻ ብሔራዊ መዝሙር የሚያሰናዳ ሰው ሦስት አማራጭ አለው፦ የተቀዳ ሙዚቃ፣ ማርሽ ባንድ፣ ማይክ የያዘ አንድ ድምፃዊ። ሦስቱንም የመዘንነው በአንድ ሚዛን ነው፤ የቆመው ሰው አብሮ መዘመር ይችላል? የድምፃዊው ጉብዝና ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሕዝቡ ከወንበሩ የተነሣው ኮንሰርት ለማየት አይደለም።

ቅጂው ርካሽም አስተማማኝም ነው ይባላል። ርካሽነቱ አያከራክርም። አስተማማኝነቱ ግን ፋይሉን ከማን እንደወሰዳችሁ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኩዌት ውስጥ በተካሄደ የተኩስ ውድድር ለካዛኪስታኗ አሸናፊ የተለቀቀላት የአገሯ መዝሙር አልነበረም፤ አንድ ፊልም ለፌዝ የሠራው ዘፈን ነበር፣ ከኢንተርኔት የወረደ። አትሌቷም ሜዳሊያዋን አጥልቃ መድረኩ ላይ ቆማ ሰማችው። የመጀመሪያውን አሥር ሴኮንድ ሰምቶ «ልክ ነው» ማለት ስለዚህ አይበቃም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ፋይሉ እስከ መጨረሻው ይሰማ።

ርዝመቱም ይለካ። የሕንድ መዝሙር ለምሳሌ ሙሉው 52 ሴኮንድ ገደማ፣ አጭሩ 20 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ ሁለቱም ይፋዊ ናቸው፤ የሚለያዩት በሚቀርቡበት አጋጣሚ ነው። ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀል ከሆነ ሰቃዩ የሚለማመደው በዚያው ፋይል ይሁን። 8 ሜትር ምሰሶ ላይ በ52 ሴኮንድ ለመድረስ በሴኮንድ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መሳብ አለበት፤ ይህ ደግሞ እጅ ከለመደው ፍጥነት በጣም የዘገየ ነው። ያልተለማመደ ሰው መዝሙሩ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሰንደቁን ጫፍ ያደርሰውና ቆሞ የመዝሙሩን ማለቅ ይጠብቃል።

የቅጂ ትልቁ ጣጣ ግን «ድምፅ የወጣለት» የሚባለው ካራኦኬ ነው። ከነዘፈኑ የተቀዳውን ወስደው ድምፃዊውን በሶፍትዌር ይሰርዙታል። በድሮው ዘዴ የግራውና የቀኙ ቻናል እርስ በርስ ስለሚቀናነስ መካከል ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ቤዙም ከበሮውም። ጆሮ ማዳመጫ ላይ ትንሽ ሳሳ ያለ ሙዚቃ ይመስላል። የስታዲየም ስፒከሮች ግን ብዙ ጊዜ ሞኖ ናቸው፤ ሁለቱን ቻናል ደምረው እንደ አንድ ያሰማሉ። አንዱ ቻናል የሌላው ፍጹም ተቃራኒ ሞገድ ሆኖ የተሠራ ፋይል ሞኖ ላይ ሲደመር ጭራሽ ዝም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሚክሰሩ (የድምፅ ማቀላቀያው) ላይ ሁለቱን ቻናል ወደ መካከል አምጥቶ መስማት። የሚሳሳ ከሆነ ይጣል።

የቀረው የኦፕሬተር ጥንቃቄ ነው። በብሉቱዝ ሳይሆን በኬብል፤ ስልክ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ፤ ቀጣዩን ዘፈን በራሱ የሚያስጀምረው ነገር ይዘጋ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሴኮንድ ባዶ ካለው ይቆረጥ። አለበለዚያ ኦፕሬተሩ «አልሠራም» ብሎ ድምፁን ሽቅብ ይገፋዋል፣ ከዚያ ትራምፔቱ ጆሮ ላይ ይፈነዳል።

ባንድ፣ ደህና ከሆነ፣ ከሦስቱ ይበልጣል። ሰው መቼ እንደሚጀምር የሚነግረው እሱ ነውና። ጥሩ ባንድ ወይ ከበሮ ያንደረድራል፣ ወይ የዜማውን የመጨረሻ አራት ባር (የምት መደብ) መግቢያ ያደርጋል፣ ከዚያ መሪው ዞሮ ሕዝቡን ያስገባል። መጠየቅ ያለበት ቶኑ፣ ማለትም ዜማው የሚያዝበት የድምፅ ከፍታ፣ ነው። ላልሠለጠነ ድምፅ ከፍተኛው ኖታ ከላይኛው ዲ ባያልፍ ይመረጣል (ወንዶች አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ ዝቅ ብለው ነው የሚዘምሩት)። ኢ ፍላት ላይ ጩኸት ይጀምራል፤ ኤፍ ላይ ግማሹ ሰው አፉን ይዘጋል። የደቡብ አፍሪካው መዝሙር በአንድ ቶን ጀምሮ በሌላ ስለሚያበቃ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ ቶን የሚመርጥ ባንድ ሁለተኛው ክፍል ላይ ይጋለጣል።

ናስ መሣሪያ ብርድ ላይ ቶኑ ይወርዳል፣ ሙቀት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቅኝቱ መስተካከል ያለበት አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ሜዳው ላይ፣ መሣሪያው ለጥቂት ደቂቃ ተነፍቶ ከሞቀ በኋላ ነው። ፍጥነቱም ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ፕሬዚዳንት ዢስካር ዴስታንግ የአገሪቱ መዝሙር ዘገም ብሎ እንዲመታ አድርገው ነበር፤ በኋላ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በእኛ ሚዛን ማርሽ የሆነ ዜማ በማርሽ ፍጥነት ይመታ፤ ሲጎተት አንዱ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ አይደረስም፣ ሰውም ቃሉን መካከል ላይ ይቆርጠዋል።

ባንድም ቢሆን ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2003 አውስትራሊያ በተደረገው የዴቪስ ካፕ ቴኒስ ፍጻሜ ለስፔን የተነፋው የድሮው የሪፐብሊኩ መዝሙር ነበር፣ ያውም በቀጥታ በትራምፔት። ኖታው ከኤምባሲ ወይም ከቡድኑ ልዑክ ይምጣ፣ ከዋዜማው በፊት ተነፍቶላቸው እሺ ይበሉ።

ሶሎ ድምፃዊ ከሁሉም የሚያምር፣ ከሁሉም የሚያዋርድ። የአሜሪካው መዝሙር ስፋቱ አንድ ኦክታቭ ተኩል ያህል ነው፤ በቢ ፍላት ከተያዘ ጣሪያው ኤፍ ነው፣ በኤ ፍላት ኢ ፍላት ይሆናል። ያለ ሙዚቃ የሚጀምር ድምፃዊ የሚወድቀው ጣሪያው ላይ ይመስላል፤ እውነቱ ግን መጀመሪያው ላይ ነው። የመዝሙሩ ሦስተኛ ኖታ የመላው ዜማ ወለል ነው። በመጀመሪያ ያንን ወለል እንደ ልብ በሚሰማ ዝቅተኛ ድምፅ መያዝ፣ ከዚያ ወደ መነሻው መውጣት ያስፈልጋል። በዘፈቀደ ከፍ አድርጎ የጀመረ ሰው ደቂቃ ሳይሞላ ዋጋውን ይከፍላል።

ሁለተኛው ጠላት የራስ ድምፅ ነው። 100 ሜትር ርቆ ካለ ስፒከር ድምፅ ሜዳው መካከል የሚደርሰው ከ0.3 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ነው። በደቂቃ 80 ምት በሚሄድ መዝሙር አንድ ምት 0.75 ሴኮንድ ስለሆነ ድምፃዊው ራሱን የሚሰማው ግማሽ ምት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሳያውቀው ያንን ይጠብቃል፣ እየጠበቀ ይዘገያል። ሁለቱንም ጆሮ የሚዘጋ ሞኒተር (የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ማዳመጫ) ይሰጠው፤ ከሌለ ትንሽ ስፒከር እግሩ ሥር ይቀመጥ።

ቅላጼን በተመለከተ አቋማችን ጠበቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ዊትኒ ሂውስተን በሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) ያቀረበችው የአሜሪካ መዝሙር ሦስት አራተኛውን ምት (በሦስት የሚቆጠረውን) ወደ አራት አራተኛ (በአራት ወደሚቆጠረው) ቀይሮ የተሠራ ነው። ቀረጻው ድንቅ ነው፤ ደጋግሞ ይደመጣል። አብሮ ለመዘመር ግን የለመደውን ምት የሚጠብቅ ሰው እግሩ ይጠላለፋል። ለሌላው ድምፃዊ የምንለው፦ እስከ መጨረሻው ሐረግ ዜማውን እንዳለ ያዝ፣ መጨረሻ ላይ የሚጎተተውን አንድ ኖታ እንደወደድክ በቅላጼ አስጊጠው። ቃሉንም በወረቀት ጻፍ፣ መዳፍ በምትሆን፣ በወፍራም ካርቶን። ስስ ወረቀት ንፋስ ይወስደዋል፤ ስልክ ደግሞ ማይኩ አጠገብ ሲመጣ ሊያንጫጫው ይችላል።