የአየር ትንበያ ባለሙያ ወይስ የከባቢ አየር ተመራማሪ?

ሁለቱም የሚያጠኑት ያንኑ ሰማይ ነው፤ የዕለት ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ትምህርት፦ ለትንበያ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል። ምርምር አብዛኛውን ጊዜ ዶክትሬት ይጠይቃል።

ሒሳብ፦ ከካልኩለስና ከፊዚክስ በሁለቱም በኩል ማምለጫ የለም። ደመና ስለወደደ ብቻ የገባ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ተመራማሪው በዚያ ላይ የኮምፒውተር ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ፣ አንዳንዴም በዚያ አሮጌ ቋንቋ በፎርትራን ይጽፋል።

ሰዓት፦ ከባቢ አየር በዓል አያውቅም። መለኪያ የተሸከሙ ፊኛዎች በብዙ አገሮች በቀን ሁለቴ ይለቀቃሉ፤ ትንበያ ባለሙያውም ሌሊትን ጨምሮ በፈረቃ ይሠራል። ለእኔ ከደመወዙ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ይኸው የእንቅልፍ ነገር ነው። ተመራማሪው ሌሊቱን ይተኛል፤ የምርምር ገንዘቡ ሊያልቅ ካልተቃረበ በቀር።

ስህተት፦ የትንበያ ስህተት በማግስቱ ይጋለጣል፤ ጎርፍ ሳይተነበይ ካመለጠ ደግሞ ሰው ይጎዳል። አሜሪካዊው የከባቢ አየር ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ጥቃቅን የመነሻ ልዩነቶች ውጤቱን ሊገለብጡት ስለሚችሉ፣ ባለሙያው የሚናገረው በዕድል መጠን እንጂ በእርግጠኝነት አይደለም። የተመራማሪው ስህተት ግን ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ባልተሟላ መረጃ ቶሎ መወሰን የማያስጨንቀው ወደ ትንበያ ይሂድ። አንዲት ጥያቄ ይዞ ዓመታት መቆየት ለሚችል ምርምሩ ይሻለዋል። ያልቆረጠ ሰው በትንበያ ጀምሮ በኋላ ወደ ምርምር መሻገር ይችላል።