ከሰደድ እሳት በኋላ፦ የሬንዲር ላይከን ወይስ ፋየርዊድ?

የስካንዲኔቪያ ደን ሲቃጠል ቶሎ ብቅ ከሚሉት አንዱ ፋየርዊድ ነው። ሮዝ አበባ አለው፤ ቁመቱ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። አንዱ ተክል እስከ 80,000 ዘር ለነፋስ ይበትናል። ሥሩም ከአፈር በታች ይንሰራፋል።

የሬንዲር (የቀዝቃዛ አገር አጋዘን) ላይከን ግን ጭራሽ ተክል አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ፍጥረት ነው። ሥር የለው፣ አበባ የለው። ውሃውን ከዝናብና ከአየር እርጥበት ይወስዳል። የሚያድገው በዓመት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ! ከተቃጠለ ወይም ከመጠን በላይ ከተጋጠ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል።

ለዓይን ከሆነ ፋየርዊድ፣ ምን ጥያቄ አለው። ንቦችም ይወዱታል። ለሳሚ (የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ) ሬንዲር አርቢዎች ግን የሚበልጠው ላይከኑ ነው። በብርዱ ወራት ሬንዲሮቻቸው በረዶውን በኮቴያቸው ጭረው የሚበሉት እሱን ነዋ።