ጆሮው ተዘግቶ ለተወለደው ልጄ ሐኪም ምስጋና፣ ለወሎ ወላጆች ጥቆማ

አልሐምዱሊላህ! ይህን የምጽፈው ከደሴ ነው። ጆሮው ተዘግቶ የተወለደ ልጅ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። እናንተ ባይኖራችሁም ላለው ሰው አድርሱልኝ።

ልጄ ሲወለድ ሁለቱም ጆሮዎቹ ቀዳዳ አልነበራቸውም። ጮክ ብለን ካልጠራነው አይዞርም። እኩዮቹ አፋቸውን ሲፈቱ እሱ በእጁ እየጠቆመ ቀረ።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ በባትሪ አየት አድርገው «ሲያድግ ይከፈታል» አሉን። ሌላው ጋ ጠብታ አዘዙልን። እስቲ አስቡት፣ ቀዳዳ ለሌለው ጆሮ ጠብታ! የቱ ላይ ላንጠብጥለት? ካርድ አውጡ፣ ክፈሉ፣ ከዚያ «ስፔሻሊስቱ የለም፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ»። አንዷ ባለሙያማ ልጁ ፊቷ ቁጭ ብሎ «ይሄ ደንቆሮ ነው፣ ምን ያለፋችኋል» አለችኝ። ያን ቀን ከፒያሳ እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «በጋለ ብረት ይበሳ» የሚል ሰው መጣ። እናቴ ናት በቁጣ ያባረረችው። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው።

በሰው በሰው ስለ አዲስ አበባው ዶክተር ሰማን። ተበድረን፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ሄድን።

ዶክተሩ መጀመሪያ ያናገሩት እኔን አይደለም፣ ልጁን ነው። ከፊቱ በርከክ አሉ። ሹካ የመሰለች ብረት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ መታ አደረጓት። ከዚያ እግሯን ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ላይ አሳረፏት። ልጄ ለአፍታ ድርቅ አለ። ወዲያው ፊቱ በፈገግታ በራ። ብረቷ ዝም ስትል እጃቸውን ያዘና ራሱ መልሶ አጥንቱ ላይ አስደገፈው። ድገሙልኝ ማለቱ ነው!

«አያችሁ፣ ውስጡ ይሰማል። የተዘጋው መንገዱ ነው» አሉን። እኔ ተንሰቀሰቅኩ። የወሎ ሰው መሆኔን ሰምተው ነበርና «አብሽሪ እናቱ፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ገና በጽንሱ መጀመሪያ ወራት ነው እንዲህ የሆነው» አሉኝ። ምን በልቼ፣ ምን አይቼ ነው እያልኩ ስንት ዘመን ራሴን ስበላ ነበር። ያ ሁሉ ያን ቀን ወረደልኝ።

ገንዘብ የሚያሳድድ ሐኪም ቢሆን በማግስቱ ያስተኛን ነበር። እሳቸው ግን «ቀዶ ጥገናው ይጠብቃል፣ ቋንቋ አይጠብቅም» ብለው መጀመሪያ ጭንቅላት ላይ በቀበቶ የሚታሰር፣ በአጥንት በኩል የሚያሰማ መሣሪያ አስገኙልን። ልጄ አፉን የፈታው በሱ ነው። 6 ዓመት ሲሞላው ሲቲ ስካን ተነሳ። ምስሉን አይተው ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ ዝቅተኛ ለሆነ ልጅ ቀዶ ጥገናውን አይመክሩም። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያው ስለሚያልፍ ነው አሉን። የእኔ ልጅ ጥሩ ነጥብ አመጣ። የቀረውን ዝርዝር አልገባኝም፣ እሳቸው ግን ይገባቸዋል!

የቀዶ ጥገናው ቀን ሰዓቱ አልሄድ አለኝ። ዶክተሩ ሰው አልላኩም፣ ቆባቸውን እንኳ ሳያወልቁ ራሳቸው ወጥተው «በደህና አልቋል» አሉኝ። ልጄ ሲነቃ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ጥርሱን እንዲያሳይ አደረጉት። ነርቩ ደህና መሆኑን ሊያዩ ነው። ሁለቱም ጉንጩ እኩል ሲንቀሳቀስ እሳቸውም ከእኔ እኩል ደስ አላቸው።

እንደ ጤነኛ ጆሮ ፍጹም አይሰማም፣ ያንንም ከመጀመሪያው አልዋሹንም። ቀዳዳው ተመልሶ እንዳይጠብ እየሄድን ይታያል፣ ይጸዳል። በሄድን ቁጥር «የደሴዎቹ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው» እያሉ ያስቀድሙናል። ባለፈው ክረምት ልጄ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ከእኔ ቀድሞ ሰምቶ «እማ፣ ዝናብ መጣ» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ! ልጆችዎን ይባርክልዎት!

እናቶች፣ አደራ! ልጃችሁ እስኪያድግ አትጠብቁ፤ የመስማት ምርመራውን በሕፃንነቱ አስደርጉለት። አንዱ ጆሮው ብቻ ቢዘጋም ይታይ። ብረትም መርፌም እንዳታስነኩት፣ ከቆዳው ሥር አጥንት አለ። ዶክተሩ ስሜን በአደባባይ እንዳትጽፊ ስላሉኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። ከሐይቅም፣ ከወልዲያም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከየትም ሁኑ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። መንገዱን የማያውቅ ካለም አብሬው እሄዳለሁ።