ግድግዳ የማያውቀው ራውተሬ፦ ከ14 ወር በኋላ

ዋይፋይ የሚያሰራጭልኝን ራውተር የገዛሁት አንቴናው አታልሎኝ ነው። መገናኛ አንድ ሱቅ ገብቼ «ከሳሎን እስከ ጓሮ ሰርቪስ ቤት የሚደርስ አለህ?» አልኩት። ልጁ ባለ አራት አንቴናውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመልኝ። «ፋዘር፣ ይሄ ግድግዳ አያውቅም» አለኝ። አልዋሸም። ይኸው 14 ወሩ፣ ግድግዳ አያውቅም። አጥርም እንደማያውቅ ግን አልነገረኝም።

መጀመሪያ ምስጋናውን ልጨርስ። ሰርቪስ ቤት ያለው ተከራያችን ኳስ ሳይቆራረጥበት ያያል። ቲቪው፣ የልጆቹ ታብሌት፣ የባለቤቴ ስልክ ሁሉም አንድ ላይ ይሠራሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይነሳል። ሙቀቱም ደህና ነው። በዚህ በኩል ከ10 9 እሰጠዋለሁ። የሞዴሉን ስም ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ጣጣው የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም።

አምስተኛው ወር ላይ ኢንተርኔቱ ማታ ማታ መንቀርፈፍ ጀመረ። አቅራቢውን ወቀስኩ፤ እሱን መውቀስ ለምዶብናል። አንድ ቅዳሜ ግን የራውተሩን ሴቲንግ ከፍቼ የተገናኙትን ዝርዝር አየሁ። የኛ ቤት ዕቃ ተከራዩን ጨምሮ ተቆጥሮ ሰባት ነው። ዝርዝሩ ላይ 15 ተኮልኩለዋል። ፓስወርዱን ቀየርኩ። በሁለተኛው ቀን 13 ሆኑ። አሁን ባለ 16 ፊደልና ቁጥር አደረግኩት። ባለቤቴ ሦስቴ ተሳስታ ስልኩን ወረወረችልኝ፣ «ራስህ አስገባው» ብላ። ሰዎቹ ግን ማታውን ተመልሰው ገቡ።

ምስጢሩን ያወጣልኝ የጎረቤት ልጅ ነው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። በር ላይ ያዝኩት። «አንተ፣ የኛን ፓስወርድ ማነው የሚሰጣችሁ?» መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ ፓስወርዱን እኮ አናውቀውም» አለኝ። «በፒኑ ነው የምንገባው።»

ገብቼ ራውተሩን ገለበጥኩት። ከሆዱ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ባለ 8 አሃዝ ቁጥር አለ፣ የደብሊውፒኤስ ፒን ይሉታል። ረጅም ፓስወርድ መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው የተፈጠረ ነገር ነው። ፒኑን ከነገርከው ራውተሩ ራሱ ፓስወርዱን ያስረክብሃል። እኔ ፓስወርድ ስለዋውጥ እሱ አዲሱንም ለልጆቹ ያስረክባል ማለት ነው።

8 አሃዝ ሲባል 100 ሚሊዮን ግምት የሚፈልግ ይመስላል። ሽቴፋን ፊቦክ የሚባል ተመራማሪ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ጉዱን አወጣው። ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው። የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች ልክ ይሁኑ ስህተት፣ ቀሪውን ሳይጠብቅ ያሳብቃል። ስለዚህ ለነሱ ቢበዛ 10,000 ሙከራ ይበቃል። ከቀሩት አራት ውስጥ የመጨረሻው ከሌሎቹ በስሌት የሚገኝ ስለሆነ መገመት አያስፈልገውም። ለሦስቱ 1,000 ሙከራ። በድምሩ 11,000። በር ላይ ቆሞ ሌባውን «ግማሹን አግኝተሃል፣ በርታ» የሚል ዘበኛ በለው። ይህ ለኮምፒውተር የሰዓታት ሥራ ነው። በአንዳንድ ራውተር ላይማ ያም አያስፈልግም፤ የፋብሪካው ፒን ራውተሩ በአየር ላይ ከሚያሰማው አድራሻ ይሰላል። የሰፈሬ ልጆች አንድ አፕ ጭነው ቁጭ ብለዋል።

እኔን ያናደደኝ ልጆቹ አይደሉም። በ2011 የታወቀ ክፍተት አምና የገዛሁት አዲስ ዕቃ ላይ በርቶ መምጣቱ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ደብሊውፒኤስን አጠፋሁት፣ ፓስወርዱንም እንደገና ቀየርኩ። ዝርዝሩ ወደ ሰባት ወረደ። ለተማሪው የእንግዳ ዋይፋይ ከፍቼ ለብቻው ፓስወርድ ሰጠሁት። ማታ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሁን ሰላምታው ራሱ ጨምሯል።

ከዚያ በኋላ ሌላውን መነካካት ያዝኩ። ሴቲንጉ የሚከፈተው በ«አድሚን»፣ ፓስወርዱም «አድሚን» ነበር። ያ ሁሉ እንግዳ ቤቴ ገብቶ ሲውል ሴቲንጉንም መክፈት ይችል ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባለው ቫይረስ ስንቱን የቤት ራውተርና የደህንነት ካሜራ የሰበሰበው በዚሁ መንገድ ነው። የያዘው 60 ገደማ የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ ነው፣ እነሱን እየሞከረ ዞረ።

የፈርምዌሩ ነገር ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፈርምዌር የራውተሩ ዋና ሶፍትዌር ነው፤ ክፍተት ሲገኝ የሚደፈነው እሱን በማደስ ነው። የፋብሪካውን ድረ ገጽ ስከፍት አንድ ሞዴል ሦስት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። የኔው ራውተር ወረቀት ላይ በደቃቅ ጽሕፈት «ቪ2» ይላል፣ ሁለተኛው ዓይነት ማለት ነው። የ«ቪ3»ን ፋይል ብትጭንበት ራውተሩ ሊሞት ይችላል። የ«ቪ2» የመጨረሻ ፋይል ቀኑ እኔ ከገዛሁበት በሁለት ዓመት ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ ዝም። አዲስ ብዬ የገዛሁት ዕቃ ጡረታ የወጣ ነበር።

ቢሆንም ውስጡ ካለው ይሻላል ብዬ ልጭን ተነሳሁ። እዚህ ጋ የኛ አገር ጣጣ ይመጣል። ፈርምዌር እየተጫነ መብራት ከጠፋ ራውተሩ ድንጋይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለሁለት ሳምንት ፈርቼ ተውኩት። በኋላ ለራውተር የምትሆን ትንሽ ባትሪ ከተከራያችን ተውሼ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። 40 ከመቶ ላይ ሲቆም እኔም አብሬ ቆምኩ። ከዚያ 41። ልጅ ሲወለድ እንደዚህ አልተጨነቅኩም።

«አጥፍቶ ማብራት አይበቃም ወይ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። አልፎ አልፎ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤን ፊልተር የሚባለው ቫይረስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያ ሲበክል፣ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ ሕዝቡን ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ ብሎ ነበር። እኛ ሰፈር ይሄ በሳምንት ሦስቴ ያለ ማንም ምክር ይፈጸማል። ችግሩ የዚያ ቫይረስ የመጀመሪያ ክፍል ማጥፋት ማብራቱን ተቋቁሞ የሚቀር ነበር። የሚያጸዳው ራውተሩን ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ሴቲንግ መልሶ ፈርምዌሩን ማደስ ነው፣ ማደሻው ካለ።

እና ድጋሚ እገዛዋለሁ? አልገዛውም። ፍጥነቱ አላማረረኝም፤ ነገ አዲስ ክፍተት ቢገኝ የሚደፍንልኝ የለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ለሁሉም አንድ በሆነ ፓስወርድ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። አምራቹ ቢያንስ እስከ መቼ አፕዴት እንደሚሰጥም እንዲናገር ታስገድዳለች። እኔ እንደዚያ የሚናገር ካርቶን መገናኛ ላይ አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ሱቅ ተመለስኩ። ልጁ አልረሳኝም። «ፋዘር፣ አሁን ስድስት አንቴና መጥቷል!» አለኝ። አንቴናውን ተወውና ስንተኛ ቪ ነው አልኩት። ካርቶኑን አገላብጦ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ስልኬን አውጥቼ አብረን ፈለግን። የስድስት አንቴናው የመጨረሻ አፕዴት ሦስት ዓመት አልፎታል። ከጀርባ አቧራ የለበሰ ባለ ሁለት አንቴና አወጣልኝ፤ ያኛው ከሁለት ወር በፊት ታድሷል። ደብሊውፒኤ3 የሚባለው አዲሱ የዋይፋይ መቆለፊያም አለው። ዋጋው ትንሽ ወደድ ይላል፣ ከፈልኩ። አሮጌውን በ700 ብር እንድለቅለት ጠየቀኝ። ለማን እንደሚሸጠው ስለማውቅ እምቢ አልኩ። ዋይፋዩን አጥፍቼ ለቲቪው ኬብል ማከፋፈያ አደርገዋለሁ።

አዲሱ ገና ካርቶኑ ውስጥ ነው። ተማሪው ሊያግዘኝ መጥቶ ሳሎን ተቀምጧል። መብራት እየጠበቅን ነው።