ስሙ ሌላ፣ ቺፑ ሌላ፦ በደሴ ፒያሳ ስላለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት

የምተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር ነው። ሥራ በሚደራረብበት በጥር ወር ዴስክቶፔ እየከበደው ስላስቸገረኝ፣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብር የኮምፒውተር ክፍል) ከሌላ ከተማ አስመጣሁ። ካርቶኑም ዊንዶውስም በአንድ ቃል «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋባይት» ይሉ ነበር፤ ስሙ የኤንቪዲያ ኩባንያ የካርድ ሞዴል፣ ጊጋባይቱ የሜሞሪው መጠን ነው። ሆኖም ከበድ ያለ ቪዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ስክሪኑ ይጠቁራል፤ አዲስ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ስጭንበትም ኮምፒውተሩ ሰማያዊ አሳይቶ ይቆማል። ሻጩን ብጠይቀው ጥፋቱን ለኮምፒውተሩ ኃይል በሚያከፋፍለው ክፍል፣ በፓወር ሰፕላዬ ላይ አላከከ።

ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ወዳለችው ጠባብ የጥገና ቤት የሄድኩት እንግዲህ ፓወር ሰፕላይ ላስቀይር ነበር። ባለሙያው ግን ምንም ከመለወጡ በፊት ኮምፒውተሩን አዙሮ የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ ተመለከተ። ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው መሰኪያ ጋር ከተያያዘ ምስሉን የሚያወጣው ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ግራፊክስ ስለሚሆን፣ ሰው ሥራ በፈታ ካርድ ላይ ሲፈርድ ይውላል። የእኔ በትክክል ካርዱ ላይ ተሰክቶ ነበር። ቀጥሎ በካቻቢቴው ጫፍ ካርዱ ላይ ያለችውን ባለ 15 ቀዳዳ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው እውነተኛው 1050 ቲአይ ፓስካል ከሚባለው ትውልድ ስለሆነ በቪጂኤ የሚሄደውን የአናሎግ ምስል አያወጣም፤ ስለዚህ ያቺ መሰኪያ ብቻዋን ለጥርጣሬ በቂ ነበረች።

ዊንዶውስ የካርድን ስም የሚያሳየው ካርዱ ራሱ በሚያቀርበው መታወቂያና በተጫነው ድራይቨር ላይ ተመሥርቶ ነውና፣ የካርዱን ባዮስ (ካርዱ ውስጥ ያለውን መነሻ ፕሮግራም) የነካካ ሰው ስሙንም ሊያስዋሸው ይችላል። በዚህ ምክንያት ባለሙያው የዊንዶውስን የዕቃ ዝርዝር፣ ዲቫይስ ማናጀርን፣ አይቶ አላበቃም፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈተ። ይህ ፕሮግራም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያሉ ካርዶችን ለይቶ ከስማቸው ፊት «ሐሰተኛ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፋል። የእኔም ላይ ተጻፈ። ወዲያው መብራት ጠፋና አርባ ደቂቃ ያህል በጨለማ ተቀመጥን። እኔ ስቆጣ እሱ «አብሽር» እያለ በስልኩ መብራት ካርዱን አውጥቶ፣ ማቀዝቀዣውን ፈትቶ፣ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በአልኮል ጠረገው። ከሥሩ ጂኤፍ116 የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በጂቲኤክስ 550 ቲአይ ላይ የገባው፣ 192 ኮር (የማስያ ክፍል) ብቻ ያለው ቺፕ ነው። የእውነተኛው 1050 ቲአይ ኮሮች 768 ናቸው። ኤንቪዲያ ለዚያ ለአሮጌው ትውልድ መደበኛ አዳዲስ ድራይቨር ማውጣቱን በ2018 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ አዲሱ ድራይቨር ከቺፑ ጋር አይስማማም፤ ሰማያዊው ስክሪንም ምክንያቱ ተገኘለት። መብራት ሲመለስ ባደረገው ሙከራ፣ 4 ጊጋባይት የተባለው ሜሞሪ 1 ጊጋባይት ሲያልፍ ስክሪኑ እንደለመደው ጠቆረ።

ለምርመራው 300 ብር ከፈልኩ። ፓወር ሰፕላይ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፤ እኔም ያለ ክርክር እገዛው ነበር። አልሸጠልኝም። ቤቱን ከሁሉ በላይ የማከብርለት ይህንን ነው። እያንዳንዱን ብሎን ከፊቴ መፍታቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌሎች ቤቶች ኮምፒውተሩን ተቀብለው «ነገ ና» ይላሉ።

ቅሬታም አለኝ። ደረሰኝ የሰጠኝ ከጠየቅሁ በኋላ ነው፤ የግኝቱንም ዝርዝር በጽሑፍ አላገኘሁም፤ ሻጩን ለመሞገት ያስፈልገኝ የነበረው ደግሞ እሱ ነበር። ቺፑን ፎቶ ያነሣሁት በራሴ ስልክ ነው። ወንበሩ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ዴስክቶፕ ታቅፎ በዚያ ቀጥ ባለ ደረጃ መውጣት ለጎልማሳ ወገብ ይከብዳል። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ካርዱን ብቻ ነቅሎ ማምጣት ይበቃዋል፤ መሞከሪያ ኮምፒውተር አላቸው። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ስለሚዘጉ ጠዋት መድረስ ይሻላል።