የአባቴን ሬዲዮ ላስነሳልኝ የመጋላው ባለሙያ ምስጋና

ድሬ ያላችሁ፣ ቤታችሁ የድሮ ባለ ቫልቭ (ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት) ሬዲዮ "ሞቷል" ተብሎ ቡፌ ላይ ጌጥ የሆነባችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። መጋላ ውስጥ ጠባብ ሱቅ ያለው ሬዲዮ ሠሪ ነው። ጋሼ ነው የምንለው።

የእኛው ትልቁ የእንጨት ፊሊፕስ ነው። አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን የሚሰማበት። መጨረሻ ላይ ከዜናው ይልቅ ጉምጉምታው በልጦ ነበር የተተወው። ለሌሎች ሠሪዎች ሳሳይ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ሆድቃውን አውጥተን ብሉቱዝ እንግጠምልህ።" አቦ፣ ተዉኝ!

ጋሼ ግን ገና ሲያየው "ሶኬት ላይ ሰክታችሁታል እንዴ?" አለኝ። አልሰካንም ስለው ፊቱ በራ። ችግሩ ካፓሲተሮቹ ናቸው፣ ኮንደንሰር የምንላቸው፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁት ዕቃዎች። የትልልቆቹ ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፣ በየ10 ዲግሪው ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል፣ እንግዲህ የድሬን ሙቀት እናንተው አስሉት። ሲደርቁ የመብራቱን ሞገድ ማለስለስ ያቅታቸውና ጉምጉም እያለ በስፒከሩ ይወጣል። የባሱት ግን ትንንሾቹ፣ በሰም የተነከረ ወረቀት ያላቸው ናቸው። እርጥበት እየሳቡ፣ ማገድ ያለባቸውን ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራሉ። በተለይ ስፒከሩን የሚነዳው ቫልቭ መግቢያ ላይ ያለችው ካሳለፈች ቫልቩ ይግልና ትራንስፎርመሩንም ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው "እስቲ ይሠራ እንደሆነ" ብላችሁ እንዳትሰኩ የምለው።

ሥራው ንጹህ ነው። ካውያውን ከማንሳቱ በፊት እያንዳንዷን ካፓሲተር ፎቶ አነሳ፣ መጠኗንና አቅጣጫዋን ደብተር ላይ ጻፈ፣ ምክንያቱም የትልልቆቹ ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠ ሊፈነዱ ይችላሉ። ቮልቱ ከድሮው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ማነስ ግን የለበትም። ማይክሮፋራዱንስ፣ የመያዝ አቅሟን ማለቴ ነው፣ ለምን አናሳድገውም ብለው ሳቀብኝ። መብራቱን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ቫልቭ፣ የእኛው ኢዜድ 80 ነው፣ ከ50 ማይክሮፋራድ በላይ አይችልም፣ ሲለኮስ ይጎዳል። ጋሼ ከተበላሸ ቴሌቪዥን የተነቀለ ካፓሲተር አይገጥምም፣ "አሮጌን በአሮጌ ልቀይርልህ?" ነው የሚለው። ታይዋን ገበያ ዞሮ የ400 ቮልቱን ሲያጣ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣ። ሚካ የሚባሉትን ካፓሲተሮች ግን ጤነኛ ናቸው ብሎ አልነካቸውም። እንዲህ የሚል ሠሪ ስንት አለ?

ሲጨርስም ቀጥታ አልሰካውም። ከሬዲዮው ጋር አንድ የድሮ ባለ ሽቦ የቤት አምፖል በተከታታይ አገናኘ። የሆነ ቦታ ሾርት ካለ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ይበራል እንጂ ሬዲዮው አይቃጠልም። አምፖሉ ቦግ አለና ደብዘዝ አለ፣ ከዚያ ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ቀሉ፣ አረንጓዴዋ የጣቢያ መፈለጊያ ዓይን ተከፈተች። ጉምጉምታ የለም! አጠገቡ የነበረውን ልጅ ግን "እጅህን አንሳ" ብሎ ተቆጣው፣ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ከ250 ቮልት በላይ ውስጡ ሊቀር ይችላላ።

አሁን አጭር ሞገዱ አመሻሽ ላይ አረብኛውንም ሶማሊኛውንም ያንበለብለዋል። ኤፍ ኤሙ እስከ 100 ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያሉትን ጣቢያዎች አይዝም፣ ያ የሬዲዮው ተፈጥሮ ነው፣ እሱን አትውቀሱት።

ዋጋውን አስቀድሞ፣ የዕቃውንና የእጁን ለይቶ ይነግራችኋል። የነቀላቸውንም በፌስታል አድርጎ ያስረክባችኋል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀጠሮ ይገፋል። የሚቸኩል ሰው አይሂድ። ቀትር ላይም አትሂዱ፣ እንደ ድሬ ሱቅ ሁሉ ዘግቶ ያርፋል። ስልኩን ሳላስፈቅደው አደባባይ አላወጣውም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ሱቁን አሳያችኋለሁ። ጋሼ፣ አቦ ይመችህ፣ እጅህን ይባርከው!